ጨርቁ ሲይዝ

በማንጊስታው ሜዳ ነፋስ እንቅልፍ የለው፣
የካስፒያንን ጨው አዝሎ ነው የሚውለው፤
ግመሉ እንኳ ዞሮ ጀርባውን ሲሰጠው
የኛ ፊት ብቻ ነው ቆሞ የሚጠብቀው።

ሥራ በጀመርኩ ዕለት ኦራዝጋሊ አጋ
መጀመሪያ የሰጠኝ መለኪያ አይደለም፣
መዝገብም አይደለም፤
ከሚስቱ ቀሚስ የተቀደደ ጨርቅ፣ አበባው የደበዘዘ።
«ባልዣን» አለኝ፣ «ይሄ ነው ዓይንሽ።
ገመዱ ሲጠቀለል በጓንትሽ ላይ አድርገሽ ያዢው፣
ቀስ ብሎ ይለፍ።
የተበጠሰች ክር ካለች ጨርቁን ትይዛለች።
ጨርቁ ሲይዝ ጩኺ።
ካልያዘም አትመኚው።»

ገመድ ስንል ሰው የበግ ማሰሪያ ይመስለዋል።
የኛው ሹሩባ ነው፦
በመሃሉ ሰባት የመዳብ ጅማት፣ ወሬ የሚያመላልሱ፣
በላያቸው ሁለት ድርብ የብረት ጉንጉን፣
የውስጡ ወደ ቀኝ፣ የውጪው ወደ ግራ፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት
ጀርባ ለጀርባ ተኝተው አንድ ብርድ ልብስ የሚጓተቱ።
አንዱ ከላላ ሌላው ይፈታል፤
ገመዱ እንደ ወፍ ቀፎ ይነፋል፣
ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሆን።

አራት ሺህ ሜትር ይወርዳል፣
ፀሐይ አይቶት ከማያውቅ ድንጋይ ዘንድ፤
ሙቀቱን ጠይቆ፣ ውኃውን ጠይቆ፣
ጭቃ ተቀብቶ ይመለሳል።
እናጥበዋለን። እናደርቀዋለን። ቅባት እናጠጣዋለን።
በየሃምሳ ሜትሩ ውፍረቱን እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፦
አስራ አንድ ነጥብ ስምንት።
አስራ አንድ ነጥብ ስምንት።
አስራ አንድ ነጥብ ሰባት። (እዚህ ላይ መነጽሩን ያወልቃል።)

በየካቲት አንድ ምሽት አለቃው ኬንዠባይ መጣ፣
ጫማው ላይ በረዶ፣ ኪሱ ውስጥ የሚንጫጫ ስልክ።
«ጉድጓዱ ዛሬ ሌሊት ይለካ» አለ፣ «ኪራዩ በሰዓት ነው።»
ጨርቁ አልያዘም ነበር። ውፍረቱም ልክ ነበር።
ገመዱ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል።
ሽማግሌው ግን ያለፈው ጉድጓድ ሽታ፣
የገማ እንቁላል ሽታ፣ ከአፍንጫው አልወጣለትም።
ከጫፉ አንዲት ክር ፈትቶ
በራሷ ላይ ጠመጠማት፤ አንድ ዙር፣ ሁለት፣
ሦስተኛው ላይ ቀጭ!
እንደ ጥሬ ፓስታ።
ስምንት መቻል ነበረባት።

«አንዲት ክር ናት!» አለ ኬንዠባይ።
«አንዲት ክር ናት» አለ እሱም፣ መቁረጫውን እያነሳ።
ሰባ ሜትር ቆርጦ ሞከረ። ቀጭ።
መቶ ጨመረ። ቀጭ።
መዝገቡን ስቦ «አይወርድም» ብሎ ፈረመ፣
የቀዘቀዘውን ብዕር በትንፋሹ እያሟሟቀ።

አለቃው በሩን ሳይዘጋ ወጣ።
ሻይ እየቀዳልኝ፣ ሳልጠይቀው፦
«ሁለት መቶ አስራ ሁለትን ታውቂዋለሽ፣ የተደፈነውን?
ሥሩ የቀረው መሣሪያ የኔ ነው።
ልጄ የተወለደች ለት ነው፤ ቸኩዬ ጨርቁን አልያዝኩም።
‹ደህና ነው› ብዬ ፈረምኩ።
ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ስንሰድ ከረምን።
ገመዱ የተበጠሰው፣ ባልዣን፣ በእጅ ጽሑፌ ላይ ነው።»

ላልተበጠሰ ገመድ ምስጋና የሚያደርስ፣
ላልመጣ አደጋ ድንኳን ጥሎ የሚያለቅስ
አይቼ አላውቅም፤ ያ ሌሊት አለፈ፣
ከአንድ ቃል በስተቀር ምንም ያልተጻፈ።

የተቆረጠውን አልጣልነውም። እዚህ ምንም አይጣልም።
የመንደሩ አጥር ሁሉ የወደቀ ገመድ ነው፤
የግመል በረቱም፣ የመቃብሩም ዙሪያ።
ዥዋዥዌ ብቻ አይሠራበትም፤ እሱ ከልክሏል።
እኔም ሰባት ሜትር ወስጄ ጓሮዬ ወጠርኩት።

ዛሬ እሁድ ነው። እሱ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ።
ልብስ ከማስጣቴ በፊት ገመዱን ልጠርግ ብዬ
በእርጥብ ጨርቅ ይዤው ከዳር ጀመርኩ፣
ነፋሱ ቀሚሴን እየጎተተ፣ ቀስ ብዬ፣
አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤
መሃሉ ላይ ስደርስ
ጨርቁ ያዘ።

ጮህኩ።
ጎረቤቶቼ በየመስኮቱ ብቅ አሉ።